እናቴ በጣቷ ያየችው አበባ

የፕላስቲክ አበባ ሲነካኝ እስከ ዛሬ ይሰቀጥጠኛል። ባለፈው እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ፣ አንድ ካፌ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳላስበው ነካሁት። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ልጅ ሳለሁ ሳሎናችን ውስጥ እናቴ ከአፉ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የተከለቻት አንዲት ሐረግ ነበረች። ቅጠሏ ወፍራም፣ ሰም የተቀባ የሚመስል። እናቴ በመስኮቱ ዙሪያ በሲባጎ እየመራች አሳደገቻት፤ ቅጠሏንም አንድ ባንድ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግላት ነበር። ጎረቤታችን «አንቺ ሴት፣ ጎመን ብትተክይ እኮ ወጥ ይሆንሽ ነበር!» እያለች ትስቅባታለች። እናቴ ግን «ቆይ፣ አንድ ቀን ታብብልኛለች» ትላለች። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፤ ቅጠል ብቻ።

በኋላ የእናቴ ዓይን ታመመ። ሐኪሙ «ዘግይታችኋል» አለን፤ በቃ፣ ጨለመባት። እኔና እህቴ እንዳይከፋት ብለን ሁሉን ነገር እናሳምርላት ጀመር። አጥሩ ዘሞ «ሸጋ ነው እማዬ»፣ ግድግዳው ተልጦ «ሸጋ ነው»። እሷ መች ሞኝ ናት? በእጇ እየዳበሰች ትደርስብን ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ሐረጊቱ አበበች! አንዲት ዘለላ ብቻ፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለው። ሲመሻሽ ሽታዋ ቤቱን ሞላው። እህቴ «እማዬ፣ አበበችልሽ!» ብላ ጮኸች።

«ሽቶ ነው የረጫችሁት» አለች እናቴ።

በማርያም ብንል፣ ብንምል፣ ወይ ፍንክች! እጇን ይዘን ወሰድናት። ዳበሰችው። አበባው ደግሞ ሲነኩት ደረቅና ልሙጥ ነው፤ ቁርጥ ፕላስቲክ። ፊቷ ጠቆረ። «በዚህ እንኳ ታታልሉኛላችሁ? ዓይኔ ቢጠፋ ልቤም የጠፋ መሰላችሁ?» ብላ፣ ልንይዛት ሳንደርስ፣ በንዴት መነጨቀችው።

ከቁርጡ ነጭ ወተት ወጥቶ በጣቶቿ ላይ ወረደ። አሻሸቻቸው፤ ተጣበቁ። አሸተተቻቸው።

«ወይኔ! እውነት ኖሯል እንዴ?»

ዘለላውን መልሳ ከሐረጉ ጋር ልታገጥም በመዳፏ ትፈልግ ጀመር። ቆሞ ከማየት በቀር ምን ይደረጋል?

«ይይዛል? እስቲ እዩልኝ፣ ይይዛል?»

«አይይዝም፣ እማዬ» አልኳት።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። አበባውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው።

«እንግዲያው መልኩን ንገሪኝ» አለችኝ፤ «አሁን አምንሻለሁ።»

ልነግራት አፌን ብከፍት ለቅሶዬ ቀደመኝ።