እምቢዬን ማን ዳራት?

ወርቂቱ ስትቆጣ የመካነ ሰላም መናኸሪያ ሚኒባሶች ጡሩምባ አያስፈልጋቸውም። ተሳፋሪው ድምጿን ሰምቶ መኪናው ሊነሳ ነው ብሎ ይሮጣል። አጋነንክ የሚለኝ ይኖራል። እኔ ግን አንድ ሰውዬ እንዲህ ተሳፍሮ አቀስታ ከደረሰ በኋላ "አሁን እኔ እዚህ ምን አለኝ?" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የምትሠራው ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። በሩ አረንጓዴ ነው፤ የሁሉም በር አረንጓዴ ነው። እዚያ አስራ ሁለት ዓመት በባለሙያነት አገልግላለች፤ ቁጣዋ ግን ከቅጥሯ ይቀድማል። በአስራ አራት ዓመቷ ሦስት ጥንድ በሬ ላለው ጎልማሳ ታጭታ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነገሩ ሊያልቅ ሲል ከጓዳ ወጥታ "እምቢ!" አለች። አባቷ ዱላ አነሱ። እናቷ ወይዘሮ የሻለም መሃል ገብተው "ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እኔን ምቱኝ" አሉ። በማግስቱ ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ከተማ ገባች።

እውነታቸውን ነው፤ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የሻለም ከራሳቸው አፍልቀው የሚያወሯት እምቢዬ የምትባል የተረት ሴት አለች። እምቢዬ ለባላባቱ ልጅ እምቢ ትላለች፤ ለግብር ሰብሳቢው እምቢ ትላለች። ሞት ራሱ መጥቶ "ተነሽ" ቢላት "ሥራ ላይ ነኝ፣ ማክሰኞ ና" አለችው። ማክሰኞ ሲመጣ "የቱን ማክሰኞ ነው ያልኩህ?" ብላ መለሰችው። የስንት ዓመት ሴት እንደሆነች አይታወቅም። የሙስሊም ጎረቤት ሲያወራት ዱዓ ታደርጋለች፣ የክርስቲያን ጎረቤት ሲያወራት ታማትባለች። ተረቷም አያልቅም፤ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናት። በሰፈሩ "እምቢዬን ይዤ ነው" ብላ ከጋብቻ ያመለጠችው ወርቂቱ ብቻ አይደለችም።

በ2004 ዓ.ም. ታዲያ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። የተረት ገጸ ባሕርያት ሁሉ ተለይተው በመረጃ ቋት ይደራጁ ይላል። ቋቱ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ነው። የመካነ ሰላም፣ የአቀስታና የደጎሎ ባለሙያዎች በየኮምፒውተራቸው እዚያው ገብተው ይሞሉታል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያርማል። ሃያ ሰባት ዓምድ አለው። ከስም፣ ከፆታ፣ ከዕድሜ ጀምሮ በሃይማኖት፣ በጋብቻ ሁኔታ፣ በትምህርት ደረጃ አልፎ "ለልማት ያለው አስተዋጽኦ" ላይ ያበቃል። ሁሉም ሳጥን ከተሞላ ረድፉ አረንጓዴ ይሆናል፤ አንድ ሳጥን ባዶ ከቀረ ሙሉ ረድፉ ይቀላል። ሲያልቅ በመጽሐፍ ታትሞ ለየትምህርት ቤቱ ይታደላል።

ጅቡ ገባ፤ የትምህርት ደረጃ፦ ያልተማረ። ጦጣዋ ገባች፤ የሥራ ሁኔታ፦ በግል። ወርቂቱ እስከዚህ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ሞላች። ከዚያ እምቢዬን አስገባች። ዕድሜ ባዶ፣ ሃይማኖት ባዶ፣ ጋብቻ "እምቢ"። ረድፉ ፍም መሰለ።

በማግስቱ የደጎሎው ባለሙያ አስናቀው በሃይማኖት ሳጥን ውስጥ "ክርስቲያን" ብሎ ሞልቶ ጠበቃት። ከምሳ በፊት የአቀስታዋ ሱሀይላ "ሙስሊም" አደረገቻት። ከምሳ በኋላ ተመልሳ ክርስቲያን ሆነች። በዚያ ሳምንት እምቢዬ አስራ አንድ ጊዜ ሃይማኖት ቀየረች። ሁለቱ ባለሙያዎች በዓይን እንኳ አይተዋወቁም፤ በዚያች ሳጥን ግን ደም ሊቃቡ ምንም አልቀራቸውም።

የወርቂቱ አለቃ አቶ ስማቸው ጠሯት።

"ይቺ ሴትዮ ቀይ ናት" አሉ።

"ቀይ ትሁን። ዕድሜዋ አይታወቅም።"

"ገምቺ።"

"የተረት ሰው ዕድሜ እንዴት ይገመታል?"

"የአያቴን ገምተን መታወቂያ አውጥተን የለ እንዴ! በቀይ ሪፖርት አልዋረድም።"

በነጋታው ስትገባ እምቢዬ ለምለም መስክ መስላ ጠበቀቻት። ዕድሜ፦ 34። ጋብቻ፦ ያገባች። ልጆች፦ ሦስት፣ አራርቃ የወለደች። ሥራ፦ ሞዴል አርሶ አደር፣ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ። መለያ ጠባይ፦ "ለስብሰባ ስትጠራ እሺ የምትል"።

ያን ቀን ስንት ሚኒባስ ሞልቶ እንደወጣ አልቆጠርኩም።

ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራዋን ጥላ እናቷ ዘንድ ሄደች። ወይዘሮ የሻለም ደጃፋቸው ላይ ገብስ እያበጠሩ ነበር።

"እማዬ፣ እምቢዬን ዳሯት።"

ሰፌዱ ቆመ። "ማን ዳራት?"

"አቶ ስማቸው።"

"ሽማግሌ ማን ላከ? እኔ ደጅ ማንም አልመጣም! ባሏስ ማን ነው?"

"ስሙ አልተጻፈም። ዓምድ የለውም።"

"ስም ለሌለው ወንድ!" አሉ የሻለም፣ ገብሱን በሰፌዱ እየመቱ። "ስሚኝ ልጄ። ያ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ይገባል ብለሽኛል። ነገ አንዷን ልጅ ሊድሯት ሲሉ እምቢዬን ብትጠራ፣ አባቷ መጽሐፉን ገልጦ 'እሷም አግብታለች' ይላታል። ያን ጊዜ እኔ ዋሾ ሆንኩ፣ ልጅቱም ሄደች። አስመልሻት!"

ወርቂቱ ተመልሳ አረመችው። አቶ ስማቸው መልሰው ዳሯት። አረመችው፤ እሳቸው ረድፉን በይለፍ ቃል ቆለፉት። ለማተሚያ ቤት የሚላክበት ቀን ሦስት ቀን ቀርቶታል።

"ይከፈትልኝ" አለች ቆማ።

"ይደርሳል" አሏት። የሁሉ ነገር መልሳቸው ይህ ነው። መብራት ጠፋ፣ ይደርሳል። ወረቀት አለቀ፣ ይደርሳል። ይህን ብለው ኮታቸውን ወንበሩ ላይ አንጠልጥለው ወጡ። ኮቱ ከሰኞ እስከ አርብ ሥራ ላይ ነው። ባለጉዳይ ሲጠይቅ "አሉ፣ ኮታቸው ይኸው" ይባላል። አንድ የገጠር ሽማግሌ ኮቱን እጅ ነስተው፣ አቤቱታቸውን አሰምተው፣ ከሰውየው የተሻለ አድማጭ ነው ብለው መርቀው ሄደዋል።

ወርቂቱ ኮቱን አየችው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ አዲስ ረድፍ ከፈተች። ስም፦ አቶ ይደርሳል። የሥራ ሁኔታ፦ ኮቱ ይሠራል። የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባ፣ የሰውንም የሚያጋባ። መለያ ጠባይ፦ የእስክሪብቶ ክዳን ያኝካል። ሃያ ሰባቱም ሳጥን በአራት ደቂቃ ሞላ፤ አንድም ባዶ የለም። እንዲህ አረንጓዴ የሆነ ረድፍ ታይቶ አይታወቅም።

ስልኳ ጮኸ። ሱሀይላ ናት።

"እህቴ፣ ወላሂ ይሄን ሰውዬ ከየት አመጣሽው? እኛም ቢሮ አለ!"

"ካለ ጨምሪበት።"

ሱሀይላ "ማህተሙን በኪሱ ይዞ ለቅሶ ይሄዳል" ብላ ጨመረች። አስናቀው ከደጎሎ "ንግግሩ ሳያልቅ ያጨበጭባል" ብሎ አስገባ። ሃይማኖት ሳጥን ላይ ሲደርሱ አንድ ሳምንት ሙሉ የተናጩት ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፦ "እንደ ስብሰባው"።

በማግስቱ ከበላይ ደብዳቤ ደረሰ። ከሦስቱ ወረዳዎች ገጸ ባሕርያት ሁሉ በአሞላሉ አንደኛ የወጣው አንድ ነው፤ እሱም ከመካነ ሰላም ነው፤ ለሁሉም አርአያ ይሁን ይላል። አቶ ስማቸው ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ደረታቸውን ነፍተው ማንበብ ጀመሩ። "ስም፣ አቶ ይደርሳል" አሉ በኩራት። "የሥራ ሁኔታ፣ ኮቱ..." እዚህ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። በአፋቸው ጥግ የያዙት የእስክሪብቶ ክዳን ወደቀ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሲል ታነቀ።

ስብሰባው ሲበተን ወርቂቱን አስቀሯት።

"አጥፊው።"

"ማንን?"

"ይሄን... ሰውዬ።"

"የተረት ሰው ነው። ምን አደረገዎት?"

"ሰው ይመስላል!"

"ማንን ይመስላል? ስሙን ይንገሩኝና ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው።"

አቶ ስማቸው ስም ቢጠሩ ሃያ ሰባቱን ሳጥን እኔ ነኝ ብሎ መፈረም ሆነባቸው።

ወርቂቱ ጠረጴዛውን መታችው። "እንዳርሽ ሲሉኝ ያልፈራሁ ሴት ነኝ! እናቴ የወለደቻትን ሴት ያለ ሽማግሌ ድረህ፣ ሦስት ልጅ አሸክመህ፣ አፏ ውስጥ 'እሺ' ጨምረህ፣ አንተ ለአንድ ረድፍ ታለቅሳለህ? ክፈተውና ይደርሳልን አጠፋልሃለሁ!"

ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" መውረዷን ሁለቱም ያስተዋሉ አይመስለኝም። አቶ ስማቸው የይለፍ ቃሉን ጻፉ። እምቢዬ ተፈታች፤ ባሏ፣ ልጆቿ፣ ጠርናፊነቷ አንድ ባንድ ተሰረዙ። ረድፉ ቀላ። ወርቂቱም በቃሏ መሠረት ይደርሳልን ደመሰሰችው። ደጎሎ መልሶ አስገባው። አቶ ስማቸው ደጎሎ ላይ ምን ሥልጣን አላቸው?

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ወርቂቱ አገላብጣ አገላብጣ አጣቻት። ቀይ ረድፍ አይታተምም ተብሏል። አንዱን ቅጂ ይዛ እናቷ ቤት ድረስ እየተሳደበች ወጣች።

"የለችም! ባዶ ሳጥን አለባት ብለው አላስገቧትም!"

የሻለም ሳቃቸውን ለቀቁት፤ ከሳቁ ብዛት ግድግዳውን ተደገፉ። "አላስገቧትም ትያለሽ? አልገባም ብላቸው ነው እንጂ! እና ማን ገባ?"

"አቶ ይደርሳል።"

"ይግባ። ይታሰር እዚያው።"

እናት ረኩ። ልጅ አልረካችም። መጽሐፉን ለትምህርት ቤቶች የምታከፋፍለው ራሷ ናትና ካርቶኑን አሸክማ የመጀመሪያው ክፍል ገባች፤ ለሴቱም ለወንዱም አደለች፤ ገና ከመገለጡ "ዝጉት!" አለችና ስለ እምቢዬ ማውራት ጀመረች። ሞት ለማክሰኞ የተቀጠረበት ላይ ስትደርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አልሞላም!" ብላ ጮኸች ወርቂቱ።

መናኸሪያው ሩቅ አይደለም። ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ ወጣ።