አሚን ብዬ የተቀጠርኩበት ሥራ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ሥራዎ?» አለችኝ። ሃምሳ አልፎኝም ይህ ጥያቄ ያሳፍረኛል። ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረው የባጃጅ ሾፌር፣ በልጅነቱ ያሰለጠንኩት ነው፣ ፈጠን ብሎ «ኮች ነው እኮ፣ አታውቂውም?» አላት። እኔ ከሜዳ ከወጣሁ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎኛል።

ያኔ የቡታጅራን ታዳጊዎች አሰለጥን ነበር። ማለዳ፣ ከተራራው የሚወርደው ብርድ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ሜዳ ላይ ነኝ። የተቀደደ ኳስ እሰፋለሁ፤ መስመሩን በኖራ አሰምራለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የሰማሁት «የቅጥር ደብዳቤህ እየታየ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ምን ዓይነት ደብዳቤ ቢሆን ነው ታይቶ የማያልቀው እያልኩ እቀልዳለሁ። ቀልዱ በራሴ ላይ መሆኑ አልገባኝም።

በአራተኛው ዓመት አገና ካለ ትምህርት ቤት ጥሪ መጣልኝ፤ የስፖርት መምህር፣ ቋሚ። አረፋ በዋለ በሳምንቱ ሰኞ ካልተገኘሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ልብስ ሰፊው አባቴ ወረቀቱን ሁለቴ አስነበበኝና «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ሂድ» አለኝ። እኔ ግን ከልጆቹ መለየት ጨነቀኝ። እውነቱን ለመናገር፣ አገና ውስጥ ማን ኮች ብሎ ይጠራኛል ብዬም ነው።

የእኛ አገር ሰው አዲስ አበባ ይነግዳል፤ የአገር ቤቱን ጉዳይ የሚቆርጠው ግን ለአረፋ ሲመጣ ነው። የቡድኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሐጂ ሸምሱም መርካቶ ነጋዴ ነበሩ፤ ጽሕፈት ቤቱም ያለ እሳቸው ቃል አይቀጥርም። የዚያን ዓመት የዒድ ሶላት እኛ ሜዳ ላይ ተሰገደ፤ ሰዉ እኔ ባሰመርኩት ኖራ ረድፉን አስተካክሎ ቆመ። ደረቴ ተነፋ። ከሰዓት ሐጂ ቤት ተጠራሁ። ክትፎው ቅቤ ጠጥቶ ከቆጮ ጋር ቀረበ። በልተን ስናበቃ የአገናውን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ።

«ሐጂ፣ እዚህ ደብዳቤ የሚወጣልኝ ከሆነ አልሄድም። ምን ይላሉ?»

«የት ትሄዳለህ? የኛ ልጅ አይደለህም እንዴ? ልጅ ከአባቱ ደብዳቤ ይጠይቃል? አብሽር» አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። «አላህ ከዚህ ሜዳ አይለይህ» አሉ፤ አሚን አልን።

ዱዓ ከተደረገለት በኋላ «ወረቀቱስ?» የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ባለጌ ነው። ባለጌ ላለመባል ስል ሰኞን አሳለፍኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ሜዳ ስደርስ ልጆቹ አንድ የማላውቀውን ሰው ከበው ቆመዋል። ኮሚቴው ከአዲስ አበባ ያስመጣው፣ የአሰልጣኝነት ፈቃድ ያለው ሰው ነበር። ልጆቹ ሲያዩኝ አቀረቀሩ። በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው መሳቢያውን ከፍቶ ዘጋና «አንተ እኮ ፋይል የለህም። በበጎ ፈቃድ ነበር የምታገለግለን» አለኝ። በሳምንቱ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ከዚያ ቤት ያገኘሁት ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

አገናም ሄድኩ፤ ቦታው ተይዟል። ሐጂን በስልክ ሳገኛቸው «አላህ የተሻለውን ይስጥህ» አሉኝ። እንደለመድኩት አሚን አልኩ። አባቴ «ነግሬህ ነበር» አላለኝም፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ አንድ ወንበር ጨመረልኝ። እስከ ዛሬ የተቀመጥኩት እዚያው ነው።

ጸሐፊዋ ሾፌሩን ሰምታ «አሰልጣኝ ተብሎ እንዲጻፍ ከሆነ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል» አለችኝ።

«ልብስ ሰፊ በይው» አልኳት።

ሐጂ ካረፉ ቆዩ። ሰው ሲጠይቀኝ ይቅር ብያቸዋለሁ እላለሁ፤ ግን ይቅር አላልኳቸውም። አረፋ ሲመጣ ዛሬም እዚያው ሜዳ እሰግዳለሁ። ለዱዓ እጅ ሲዘረጋ እዘረጋለሁ፤ አሚን የምለው ግን የተባለውን መዝኜ፣ ከሰው ሁሉ በኋላ ነው።