አምስት ጊዜ ያየሁት ፊልም

አንድ ፊልም አምስት ጊዜ አየሁ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ይሉ የለ፣ እንደዚያው። ኦክላንድ ቤቴ አጠገብ ሲኒማ ቤት ሳይጠፋ፣ ከሺፍት ወጥቼ ሳን ሆዜ ድረስ እነዳ ነበር፤ የጽዋ ማኅበሬ ሴቶች እንዳያዩኝ። ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት ፊልም ነዋ። ትኬት ስቆርጥ እንኳ ርዕሱን በአፌ አልጠራውም፣ በጣቴ ነው የማሳየው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለቱም ጀልባ ጠጋኞች ናቸው። አንደኛው ሌላውን ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቀው ይወስደዋል። እንግዳው ቀኑን ሙሉ የሠራውን ምግብ በሁለት እጁ ይዞ ደጃፍ ይቆማል፤ እናትየው ሳህኑን አይታ በሩን ትዘጋለች። እዚህ ላይ ሲደርስ አለቅሳለሁ። በአራተኛው ጊዜማ በሩ ሳይዘጋ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ፈረንጅ ሶፍት ሰጠችኝ። ሩኅሩኅ ሴት መስዬአት ይሆናል።

በር ዘጊዋ ግን እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድሜ ከወንድ ጋር እንደሚኖር የነገረኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ ለመነኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ባልና ሚስት የተጣሉ ይመስል ሦስት ሽማግሌ ላክሁበት፣ መክረው እንዲያስተዉት። ከፍሪሞንትና ከሚልፒታስ ተጠራርተው ቤቱ ሄዱ። ሲመለሱ አንደኛው ኮል አደረጉልኝ፤ "ያ ሰውዬ እኮ እንደ አዲስ ሙሽራ ጎንበስ ብሎ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ እጅ ሊያስታጥበን መጣ። ማን ከእሱ እጅ ይታጠባል? ምግቡን ጥለንለት ወጣን" አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ከልቤ ነው የሳቅሁት። ወሬው በሳምንቱ ሀበሻውን ሁሉ አዳረሰ፤ ወንድሜም ስልኩን ቀይሮ ውሃ ሽታ ሆነብኝ።

ቤቱን ግን አውቀዋለሁ፤ ከሲኒማ ቤቱ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አራት ጊዜ እስከ ሰፈሩ የትራፊክ መብራት ሄጄ ወደ ፍሪዌዩ ተመለስኩ። በእኛ ወግ ይቅርታም የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው፤ ታዲያ ከዚያ ወዲያ ማንን እልካለሁ? በአምስተኛው ጊዜ ዓይኔ በለቅሶ እንዳበጠ ሄጄ ራሴ አንኳኳሁ።

የከፈተልኝ ሰውዬው ነው። ረጋ ያለ፣ ሸበቶ። ፎቶዬን አይቶ ኖሮ "እህቱ ነሽ" አለኝ በእንግሊዝኛ። ወንድሜ ሥራ ላይ ነበር፤ ቴክስት አደረገለትና ወንበር ሳበልኝ። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ምሳውን ለሁለት ከፍሎ አቀረበና ማንቆርቆሪያና የእጅ ማስታጠቢያ ይዞ መጣ።

"እጅዎን ይታጠቡ" አለኝ፣ በተሰባበረ አማርኛ። ያን ጊዜ ለሽማግሌዎቹ ብሎ ያጠናት መሆን አለባት።

እጄን ዘረጋሁ። ውሃውን ለብ አድርጎታል። ቀና ብዬ ላየው ብል አንገቴ እምቢ አለኝ።