ዳገቱ የቀላበት ዓመት

ሰው ቡና መሃል ተወልዶ የቀላ የቡና ዳገት ሳያይ ያረጃል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አባቦራ አርጅቻለሁ።

ከሸዋ ቤንች ከተማ በላይ ያለን ገበሬዎች ሁላችንም ያው ነበርን። ቡናው ቀላ ማለት ሲጀምር ሌባ ይመጣል። ሌባ ሳይቀድመን ብለን አረንጓዴውን እንለቅማለን። ጎረቤቱ ሲለቅም ያየም፣ «የኔ ብቻ ቀርቶ የሌባ ሲሳይ ሊሆን?» ብሎ ቅርጫቱን ያነሣል። የሚዛን ከተማ ነጋዴ ፍሬውን ዳበስ አድርጎ ፊቱን ያጨማድድና በርካሽ ይወስደዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኛ ደግሞ እየለቀምን እናፈስ ነበር።

ጎረቤቴ ሆሳዕና ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ትዝታን የምታሳድገው መንገድ ዳር ባለች ቁራሽ ማሳ ነው። መንገድ ዳር ያለ ቡና ደግሞ የሌባ ገበታ ነው። አምና ግማሹን ወሰዱባት። ዘንድሮም ከወሰዱባት ትዝታ ሚዛን ወርዳ ነርስነት መማሯ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን።

ነሐሴ ላይ በቀበሌ ስብሰባ ተነሣችና፣ «ደንብ እናውጣ» አለች። «ሊቀመንበሩ ቀን ቆርጦ እስኪያውጅ ማንም አይልቀም። ማሳውን በተራ እንጠብቅ፤ ግን ማንም የራሱን አይጠብቅ፣ የሰው ይጠብቅ።»

እኔ ሳቅኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ መንግሥት ለኔ ማኅተምና ቀጠሮ ነው። «ልጄ፣ ነገርሽ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አልኳት።

«አባቦራ፣ እርስዎ ቡናዎን ብቻዎን ስንት ዘመን ጠበቁ?»

«ዕድሜ ልኬን።»

«ቀይ ለቅመው ያውቃሉ?»

እጅ ወጣ፣ ደንቡ ጸደቀ። የኔም እጅ ወጥቶ ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ሆሳዕና በተራዋ የሰው ማሳ ስትጠብቅ ቅርንጫፍ ሲጎተት ሰማች። ጠርታኝ አብረን ብንገባ፣ አረንጓዴውን የሚያራግፈው የገዛ ወንድሟ አዲሱ ነው።

«ከማን ሰረቅኩ? የራሴ ቡና አይደለም እንዴ?» አላት።

ልጁ እውነቱን ነው፤ የቆመው በራሱ ማሳ ላይ ነው። እኔ ብሆን አዝኜ እተወው ነበር።

«ቡናውስ ያንተ ነው» አለችው። «ግን ነገ ጎረቤትህ ቅርጫትህን ያያል። ከነገ ወዲያ ዳገቱ በሙሉ ይለቅማል።» ሥጋዋ ነው፣ አንጀቷ አልቻለም፤ እያለቀሰች ግን ራሷ ሊቀመንበሩ ሙሴ ዘንድ ወሰደችው።

ሙሴም ፈረደበት፤ እስከ ለቀማው ዋዜማ መንገድ ዳር ያለውን የእህቱን ማሳ ቀን ከሌት እንዲጠብቅ። አዲሱ ጠበቀ። አኩርፎ፣ ሰላምታዋን ሳይመልስ፣ ዝናብ እየመታው ጠበቀ።

ኅዳር ላይ ለቀማው ሰኞ እንዲሆን ታወጀ። ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ አዲሱ በሬን አንኳኳ።

«አባቦራ፣ ሌሊት የእህቴን ማሳ የጠበቁት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? አንተ አይደለህም እንዴ?»

«የኔ ቅጣት እኮ እሑድ ማታ አለቀ፤ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሙሴ ሰው የመደበ መስሎኝ።»

ማንም አልተመደበም ነበር። የትዝታ የነርስነት ትምህርት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በዚህ ዕድሜዬ ቁልቁል ሮጥኩ።

ሆሳዕና ቀድማን ደርሳ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ማሳዋ ዳር ቆማለች። አለቀላት አልኩ። ቀና ስል ግን፣ ያ አላህ፣ ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ጫካው አፋፍ ዳገቱ ቀልቷል። ቅርንጫፉ ፍሬው ከብዶት ጎንበስ ብሏል። አንድ የተመነጨቀ የለም። ለካ ሌባውም የመንደራችን ሰው ኖሮ እጁን ሰብስቧል። መስጊድ እንደገባ ሰው ጫማዬን ላወልቅ ቃጣኝ።

አዲሱ ካኮረፈ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቱን አያት። «ሆሳዕና፣ ማን ጠበቀው?»

«እኔ እንጃ» አለች እያለቀሰች። «ሁሉም ሰው መሰለኝ።»

ትዝታ ቅርጫቷን ይዛ ከኋላችን መጣች። ቡና ሥር የተወለደች ልጅ ናት፤ የቀላ ዳገት ግን እንደኔው አይታ አታውቅም። ዳገቱን ሽቅብ ስታይ ቆየችና፣ «እማዬ፣ ይሄ የኛ ቡና ነው?» አለች።