ለእባብ ንድፊያ የመረጥኩት ፋሻ

ፋሻ መግዛት ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ፋርማሲው ውስጥ ከመደርደሪያው ፊት ስቆም ግን ዓይነቱ በዛብኝ፤ ጠባቡ፣ ሰፊው፣ የሚለጠጠው፣ የማይለጠጠው።

ነገሩ የመጣው ከእናቴ ነው። ከሃሊሳ ሰፈራችን ጫፍ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ጎመንና ቃሪያ የምታለማባት ቁራሽ መሬት አለቻት። በዚያ ሳምንት ከውሃ በርሜሉ ሥር እፉኝት ተጠምጥሞ አየች። ከዚያ ወዲያ የውሃ ጎማዋን ስታይ እንኳ ትዘል ጀመር፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። "ትንሿ ትምጣና ለንድፊያ የሚሆነውን ትግዛልን፤ እሷ ታውቃለች" አለች።

ትንሿ ማለት ከጎንደር ወጥተን እዚህ አገር ከገባን በኋላ የተወለደችው እህቴ ናት። ወታደር ሳለች በዕብራይስጥ ሆቬሼት የሚሏት ነበረች፣ የቁስለኛ አካሚ። እናቴ ይህን ያልነገረችው ጎረቤት የለም። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ተቀጥሬ የሰው ሽማግሌ ሳነሳ፣ ሳጥብ፣ ሳጎርስ ኖሬ አንድ ቀን ለጎረቤት ተወርቶልኝ አያውቅም። ቀናሁ። የገዛ እህቴ ናት፣ አዝዬ ያሳደግኋት፤ ቢሆንም ቀናሁ።

ስለዚህ ቀደምኳት። ሻጩን "ከሁሉ ጠንካራው የቱ ነው?" አልኩት። ለእባብ መሆኑን ስነግረው ትከሻውን ሰብቆ የሚለጠጡትን አሳየኝ። እያንዳንዱን በጣቴ ስቤ ሞከርኩ፤ ሰፋ ያለውንና ክርር የሚለውን ሦስት ጥቅልል ገዛሁ። በእኛ አገር፣ በጎንደር ገጠር፣ እባብ የነደፈው ሰው ከቁስሉ ከፍ ብሎ በመቀነት ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል፣ መርዙ ወደ ልብ እንዳይወጣ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ይህንን ነው።

ዓርብ ጠዋት እህቴ መጥታ ፋሻዎቹን የከተትኩበትን የእርዳታ ቦርሳ ከፈተችና ሳቀች።

"ዲ፣ በቃ፣ እህቴ! ይሄ ለምንድን ነው? ማሰር የለም። ደሙ ይቆምና እጅ ይሞታል።"

ጥቅልሎቼን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው። በምትካቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ጨርቅና ዝርግ እንጨት ከተተች። "የተነደፈውን እጅ ከእንጨቱ ጋር ላላ አድርገሽ ታሳርፊዋለሽ፣ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ። ከዚያ አምቡላንስ መጥራት ነው። ቤሰደር፣ እሺ?"

እናቴ የእህቴን ትከሻ እየዳበሰች "ይች ልጅ ባትኖር ምን እሆን ነበር" አለች። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ሲወጡ ከጥቅልሎቼ አንዱን ቦርሳው ሥር መልሼ ሸጎጥኩት። ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ለጥንቃቄ ነው እል ነበር። ውሸት ነው። ከዚያ ቦርሳ ውስጥ የኔ የሆነ ነገር እንዲኖር ነው የፈለግሁት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በዕረፍቴ ቀን፣ ከእናቴ ጋር ጎመን እየቀነጠስን ሳለ ቀኝ እጇን ከቅጠሉ ሥር ሰደደችና "ወይኔ! ነደፈኝ!" ብላ ተቀመጠች። እባቡ በድንጋዮቹ መሀል ሲገባ አየሁት። ከእጇ ጀርባ ላይ ሁለት የደም ነጥብ ነበረ።

"ለትንሿ ደውይላት" አለች።

ከጩኸቷ ቀጥሎ የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር። "እኔ አለሁ አይደል እንዴ!" ብዬ ጮህኩባት። ይዘነው የወጣነውን ቦርሳ ስከፍት እጄ የገባው ለስላሳው ጨርቅ ነው፤ ገፋሁት። እህቴ ያለችውን ረስቼ አይደለም፤ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። የኔን ፋሻ ከሥር ጎትቼ አወጣሁና ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብዬ ባለኝ ኃይል ሁሉ ጠመጠምኩት። ከዚያ አምቡላንስ ጠራሁ። ለእህቴ የደወልኩት በመጨረሻ ነው።

"ጠበቀብኝ፣ ልጄ" አለችኝ።

"ቻይው" አልኳት።

የአምቡላንሱ ሰዎች እንደ ደረሱ ፋሻውን በመቀስ ቆረጡት። እጇ አብጦ ጠቋቁሯል። እርስ በርስ ተያዩ።

ሆስፒታል ስንገባ እህቴ ቀድማን ደርሳ ነበር። ሐኪሙ እጇን አገላብጦ አየና "እንዲህ አጥብቆ ያሰራት ማነው?" አለ። እናቴ ዕብራይስጥ አይገባትም፤ የምተረጉምላት ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

"ማን ነው ያሰረሽ እያለ ነው" አልኳት።

"እኔው ነኝ በይው።"

እህቴ ከአልጋው ማዶ ሆና "በግራ እጅሽ ብቻ?" አለቻት።

"በጥርሴ ስቤ።"

እናቴ ወደ እርሻዋ ስትሄድ ሰው ሠራሽ ጥርሷን ቤት ትታ ነው። አሁንም አፏ ባዶ ነበር፤ ሦስታችንም ይህን እናውቃለን። "በጥርሷ ስባ አሰረችው" ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሙ ጻፈ።

እጇ ተረፈ። መሀል ጣቷ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አትታጠፍም። ከመርዙ ይሁን ከፋሻው ሐኪሙ መለየት አልቻለም። እኔ ከማን እንደሆነ አውቃለሁ።

መድኃኒቱን ሰጥተዋት ስትተኛ ከእህቴ ጋር ወደ ኮሪደሩ ወጣን። እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ፊቷን ሳታዞር፣

"ለኔ እንዲህ ዋሽታልኝ አታውቅም" አለችኝ።