እህቴ ተከትባ ነበር

የተቆላ ለውዝ ሲወቀጥ የሚወጣው ሽታ ዛሬም አሶሳ ገበያ መሀል ያስቆመኛል። ሰው እየገፋኝ ያልፋል፤ እኔ ግን ምን ልበልህ፣ የሰፈራ መንደራችን ውስጥ ነኝ፤ ዝናቡ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው ይሰማኛል።

አስር ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ዘጠኝ ወሯ። አባቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ታሞ ስላላረሰ በዚያ ክረምት ጎተራችን ባዶ ነበር፤ የእናቴም ጡት ነጥፏል። እህቴ ማልቀሱን እንኳ ትታ፣ በማንጎው ቅጠል ተጣርቶ በበሩ የሚገባውን አረንጓዴ ብርሃን ዝም ብላ ታያለች።

የኩፍኝ ክትባት ዕለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእህቴን ክንድ በባለቀለም ጥብጣብ ለካችው፤ ክፉኛ የተጎዳ ልጅን በሚያሳየው ቀዩ ላይ ቆመ። ሠራተኛዋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም ነበር።

«ልጁ በጣም ከስቷል፣ እትዬ። ክትባት ይወስዳል፣ ግን ምግብ ያስፈልጋል» አለቻት እናቴን።

ወጋቻትና ለውዝ ለውዝ የሚሸት ለስላሳ ምግብ በትንንሽ ከረጢት ሰጠችን። እናቴ የክትባት ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። እኔ ደግሞ ማንም ሳያየኝ ከእህቴ ምግብ በጣቴ እየጠነቆልኩ ላስኩ። ርቦኝ ነበር።

በጋ ላይ መንደራችን ኩፍኝ ገባ። ሌሎቹ የተከተቡ ልጆች ሲተርፉ እህቴ በትኩሳት ነደደች፤ ሽፍታው ገላዋን አለበሰው፤ ዓይኖቿ ተጣበቁ። እናቴ አዝላት ወደ ጤና ኬላው ስትሮጥ ተከተልኳት።

«ተከትባለች ብላችሁኝ!» ብላ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

ሠራተኛዋ አልተቆጣችም። «ክትባት ውሸት አይደለም፣ እትዬ። ክትባት ሰውነትን ያስተምራል። የተራበ ሰውነት ግን አንዳንዴ ትምህርት አይገባውም።»

ይኼኔ አለቀስኩ። ምግቧን እሰርቅ እንደነበር ተናገርኩ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ሠራተኛዋ ፊቴን በመዳፎቿ ይዛ፣ «ወላሂ፣ አንቺ አይደለም! መርፌ ሲወጋ ልጁ ቀድሞ ከስቶ ነበር» አለችኝ። ያመንኳት ግን ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

እህቴ ሆስፒታል ሰንብታ ዳነች፤ ግራ ዓይኗ ግን ጠፋ። እናቴ «ከእንግዲህ መርፌ የሚባል ቤቴ አይገባም» አለች። ጎረቤቶችም የእሷን አይተው ልጆቻቸውን ይደብቁ ጀመር። ሠራተኛዋ ግን መምጣቷን አልተወችም። ስለ ክትባት አታነሳም፤ የእህቴን ክንድ ትለካለች፣ ታጫውታታለች፣ ትሄዳለች። አባቴ አገግሞ ማሽላው ሲደርስ ጥብጣቡ አረንጓዴው ላይ ዋለ።

ቀጣዩ ዙር ሲመጣ እናቴ ማንም ሳይጠራት እህቴን አዝላ ከሁሉም ፊት ቆመች።

«አሁን በልታለች» አለች፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሟት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ውጊያት።»

ከኋላዋ አንድ ሁለት እያሉ ተሰለፉ።

መርፌው ሲነካት እህቴ እጇን ዘርግታ ፈለገችኝ። በማታይበት በኩል ቆሜ ነበርና አላገኘችኝም። ሮጬ ዞርኩና በቀኟ ቆምኩ። አሁን ቁመቷ እኔን በልጧል፤ አብረን ስንሄድ ግን እግሬ ሳላዘው ዞሮ በቀኟ በኩል ቦታውን ይይዛል።