የአባ መፍቻ የተቆረጡ አንቀጾች

ጡረታ የወጡት መምህርት የመታጠቢያ ቤታቸውን በር ከፍተው «ግባ ልጄ፣ ግባ፤ ጫማህን አታውልቅ» ሲሉት፣ የሕንፃዎቹ ተቆጣጣሪ መዝገቡን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ገባ። ያን ጠዋት ያየው ሰባተኛው ቤት ነበር። እንደ ሌሎቹ ስድስት ቤቶች ቧንቧውን ከፈት ዘጋ አድርጎ፣ መዝገቡ ላይ ምልክት አኑሮ ሊወጣ ነበር ሐሳቡ። ቀና ሲል ግን ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ አራቱም ጥጉ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየ። ርእሱን አነበበና ክው ብሎ ቀረ።

የራሱ ጽሑፍ ነበር።

ዓይኑ ወደ ማሞቂያው ሥር ወረደ። ግፊት ሲበዛ ውሃው የሚተነፍስበት የቫልቭ ቀዳዳ በብሎን ተደፍኗል። ብሎኑ በነጭ ቴፕ ተጠቅልሎ እስኪበቃው ጠብቋል። የማሞቂያው ቀይ መብራት ደግሞ በርቷል።

«ማነው ይህን ያሰረው?» አለ። ድምፁ የሱ አልመስል አለው።

«እኔ ነኛ!» አሉ መምህርቷ ኮራ ብለው። «በሰባ አንድ ዓመቴ! ሚስማር እንኳ መትቼ አላውቅም ነበር። ይሄ አባ መፍቻ የሚሉት ሰው ነው እንደ ተማሪ ያስተማረኝ። ይኸው ስድስት ወር፣ አንዲት ጠብታ የለችም። አየህ እንዴት ጥብቅ እንዳለ? በል በእጅህ ሞክረው!»

«አልነካውም። እርስዎም አይንኩት። የመብራቱ ማጥፊያ የት ነው?»

«ምነው ልጄ? ፊትህ አመድ መሰለ።»

ተቆጣጣሪው ኮሪደሩን ሮጦ፣ የቆጣሪውን ሣጥን ከፍቶ ማጥፊያውን ወደ ታች መታው። ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈ።

ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ሠርቷል። መሣሪያውን ተሸክሞ ከሰው ቤት ሰው ቤት ሲዞር፣ «ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?» ብለው የሚጠይቁትን እንደ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ «ቢነገርህም አይገባህም» ብሎ አያውቅም። ቁጭ ብሎ ያስረዳል። የሚያስረዳው ሰው ሲበዛበት ጊዜ ብሎግ ከፈተ። በስሙ አልጻፈም፤ አባ መፍቻ የሚለውን ያወጡለት አንባቢዎቹ ናቸው። እሱም ስሙን ወደደው፤ ሰው ፊት ባይጠራበትም ብቻውን ሲሆን ይኮራበት ነበር።

ጽሑፎቹ ሁሉ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። በመጀመሪያ ሥራው ይነገራል፣ በመጨረሻው አንቀጽ ጥንቃቄው ይመጣል። ይህን የወረሰው ሙያ ካስተማሩት ሽማግሌ ነው። «አደገኛውን ነገር መጨረሻ ላይ ንገረው። ሰው ከደጅህ ይዞት የሚወጣው የመጨረሻውን ቃል ነው» ይሉት ነበር። ስለ ቫልቩ የጻፈውም እንዲሁ ነበር፦ አዲሱ ቫልቭ እስኪገዛ ውሃው ቤቱን እንዳያጥለቀልቅ ማሞቂያውን አጥፍተህ ቀዳዳውን በብሎን ድፈን። ከዚያም በመጨረሻ፦ ጥንቃቄ፤ ቀዳዳው ተደፍኖ ሳለ ማሞቂያው ፈጽሞ አይበራም፤ የሚተነፍስበት ያጣ ማሞቂያ ይፈነዳል።

ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው አንቀጽ የለም።

«የቀረውን ቆርጠው ጣሉት እንዴ እማማ?»

«እኔ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ወረቀት ቆርጬ ልጥል? የታተመው ይኸው ነው፣ ከነነጥቡ።»

ስልኩን አወጣና ብሎጉን ከፈተ። «ቀዳዳውን በብሎን ድፈን፤ መጥበቁን አረጋግጥ» ይልና በቃ። ከዚያ በታች ባዶ ነው። ሌላ ጽሑፍ ከፈተ፣ ስለ ሶኬት። መጨረሻው የለም። ስለ መሰላል። መጨረሻው የለም። ዘጠኝ ጽሑፎች ከፈተ፤ ሰባቱ፣ ረጃጅሞቹ ሁሉ፣ ጥንቃቄያቸውን ተገፈው ቆመዋል። ሰማይ የተደፋበት መሰለው። ስንት ሰው ነው ይህን ያነበበው?

መቼ እንደሆነ ወዲያው ገባው። ያለፈው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት፣ በሦስት ወር ውስጥ፣ መሣሪያውን አስቀምጦ የአሥራ ሁለት ሕንፃዎች ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ቤት ለወጠ፤ ሚስቱ መንታ ወለደች። ብሎጉ የነበረበት ድርጅትም በዚያው ሰሞን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። እሱም ጽሑፎቹን ወደ ሌላ ቦታ ያዛወረው ሐኪም ቤት፣ ከማዋለጃው ክፍል ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ ጆሮው በሩ ላይ ነበር። አዲሱ ቦታ ከተወሰነ መጠን የረዘመውን ጽሑፍ ይቆርጣል። ሳይቆርጥ በፊት አስጠንቅቆትም ይሆናል። እሱ ግን በዚያ ሰዓት የመጣውን ሁሉ «እሺ» እያለ ይጫን ነበር።

ከዚያ በኋላ ተመልሶ አላየውም። መቼ ይየው? ሚስቱ ራሷ ልብስ ስፌቱን ትታ የስልክ መልስ ሰጪ ሆና ማታ ማታ ትሠራለች። ባልና ሚስት ደጃፍ ላይ ሕፃን እየተቀባበሉ ይተላለፋሉ። «መንታ ወለድኩ ብዬ ነበር፤ ለካስ ሦስት ናቸው» ትለዋለች ስልኩን እያየች። «ሦስተኛው ብቻ ነው አንተ ላይ የማያለቅሰው።» እሱም ይስቃል። ብሎጉን አልተወውም፤ በየሳምንቱ ማክሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ለአንባቢዎቹ አስተያየት መልስ ይሰጣል። በሁለት ፌርማታ መካከል አርባ ሰው አመስግኖ የሚጨርስበት ጊዜ ነበር።

አርባ ሰው። በሁለት ፌርማታ።

ከመምህርቷ ቤት ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ከቫልቩ ጽሑፍ ሥር ያሉትን አስተያየቶች ከላይ ጀምሮ ያነብ ገባ። ተባረክ፣ እጅህ ይባረክ፣ ከባሌ ተሻልክ። ከዚያ ከስምንት ወር በፊት የተጻፈ አንድ አስተያየት መጣ፦

«አባ መፍቻ፣ ድሮ ጽሑፍህ መጨረሻ ላይ ጥንቃቄ የሚል ነበረው፤ አሁን አጣሁት። ተቆርጦ ነው ወይስ አያስፈልግም? እኔ ቀዳዳውን ደፍኛለሁ። ማሞቂያውን ማብራት እችላለሁ?»

ከሥሩ የራሱ መልስ፦ «አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ በርታ!»

ከሥሩ ደግሞ፦ «እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ዛሬውኑ አበራዋለሁ። ምናልባት ከፈለግኸኝ ስልኬ ይኸው።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። ሦስት ጊዜም ያው ነው። ስምንት ወር! ያ ሰው በሕይወት አለ?

ደወለ። ጠራ፣ ጠራ። ሊዘጋ ሲል ከመላጫ ሞተር ድምፅ ጋር አንድ ጎርናና ድምፅ «ሄሎ» አለ።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ... አባ መፍቻ ነኝ።»

«ሂድ ወዲያ! ዛሬ ደግሞ በየትኛው ድምፅ መጣህ? አንተ ቀልደኛ፣ ያዋስኩህን ማበጠሪያ መልስ!»

«ወንድሜ፣ አልቀልድም። ስለ ውሃ ማሞቂያው ጽፈህልኝ ነበር። በርቷል?»

ሞተሩ ጠፋ። «እውነትም አንተ ነህ እንዴ? እናንተ ሰዎች፣ አባ መፍቻ ደወለ!» ሲል ከኋላው የብዙ ሰው ሳቅ ተሰማ። «በርቷል እንጂ። ፀጉር ቤት ያለ ሙቅ ውሃ ምን ሊሆን? አሁንም አንዱ ሰውዬ ሳሙና ተቀብቶ ውሃ እየጠበቀ ነው።»

ፀጉር ቤት። ተቆጣጣሪው ዓይኑን ጨፈነ። «ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ከነወረፋ ጠባቂው ስድስት። ምነው?»

«ሁሉንም አስወጣ።»

«ምን አልክ?»

«አሁኑኑ። ቆጣሪው ላይ መብራቱን አጥፋና ሁሉንም ይዘህ ውጣ። ማሞቂያውን እንዳትነካው፣ ብሎኑንም እንዳትፈታው። ይፈነዳል!»

«ሳሙና ያለበትን ሰውዬም?»

«ሳሙና ያለበትንም!»

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተወርውሮ ጓ አለ። ወንበር ተጎተተ፤ አንዱ ጮኸ፤ ሌላው «ወረፋዬንስ?» አለ። ከዚያ የሰው ድምፅ ጠፋ። በባዶው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሲንጫጫ ተሰማው፤ ክዳኑ የተጫነበት ማንቆርቆሪያ ዓይነት ድምፅ። ተቆጣጣሪው ያን ድምፅ ያውቀዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ሰምቶታል፤ አንደኛው ቤት ኋላ ጣሪያ አልነበረውም።

ስልኩን ጆሮው ላይ ተጭኖ ጠበቀ። ድምፁ ቀስ በቀስ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ስልኩ ተነሣ። «ተመልሼ ገባሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ እያለከለከ። «አጥፍቼዋለሁ። ሦስት ቀን ሆኖት ነበር እንዲህ መንጫጫት ከጀመረ። እርጅና ነው ብዬ... ሰውዬው ደጅ ዓይኔ ጠፋ እያለ ይሳደባል።»

«ተመልሰህ ውጣ። ዛሬ ሙሉ ቀን ይቀዝቅዝ። ነገ ባለሙያ ይፍታው፤ አድራሻህን ከሰጠኸኝ እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ዝግ ባለ ድምፅ «ጠይቄህ ነበር እኮ» አለ። «ላብራው ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። በርታ አልከኝ።»

«አዎ።»

«ሳታነብ ነው?»

ብዙ የሚባል ነገር ነበረ። መንታ ልጆች፣ አዲስ ሥራ፣ አውቶቡስ።

«ሳላነብ ነው» አለ።

«እኔ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ቀኑን ሙሉ የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዤ ነው የምውለው። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ሳላይ አንቀሳቅሼው አላውቅም።» ስልኩን ዘጋው።

ቢሰድበው በተሻለው ነበር። ተቆጣጣሪው ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ ብሎጉን ከፈተና «ሙሉ በሙሉ ሰርዝ» ወደሚለው ቦታ ሄደ። ሥራ ሲይዝ አለቃው «ሌላ ጣጣ ካለህ ደጅ ትተኸው ግባ» ብሎት ነበር። ቢሰርዘው አባ መፍቻ የሚባል ሰው አልነበረም፤ የመምህርቷንም ማሞቂያ እንደተለመደው «የነዋሪ ስህተት» ብሎ መዝግቦ መሄድ ይችላል። ማን ያውቃል?

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?» መምህርቷ በራቸው ላይ ቆመዋል። «ስትጮህ ሰማሁ።»

ቀና ብሎ አያቸው። «እማማ፣ አባ መፍቻ እኔ ነኝ። ያ ወረቀት ሊገድልዎት ነበር።» ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። ስለ አግዳሚው፣ ስለ ተቆረጠው አንቀጽ፣ ስለ ፀጉር ቤቱ። መምህርቷ የበሩን መቃን ያዙ። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት ተሟጦ ሲወርድ አየው፤ ከሁሉ የጎዳው ይህ ነው።

«እኔ እኮ...» አሉ። «እኔ እኮ ጥሩ ነገር ብቻዬን አልይዝም ብዬ አባዝቼ አድዬዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለዚህ ሕንፃ ሰው። ለሰባት ቤት። እህቴ ደግሞ እሷ ሰፈር...» አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ወይ ጉዴ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አራስ ናት!»

ተቆጣጣሪው ስልኩን አየ። ጣቱ «ሰርዝ» ከሚለው በላይ ተንጠልጥሏል። ቢሰርዘው ወረቀቱ አይሰረዝም፤ መሳሳቱን የሚናገርበት ቦታ ግን ይጠፋበታል። ጣቱን አነሣና እዚያው እንደተቀመጠ፣ ከሁሉም ጽሑፍ በላይ እንዲታይ አድርጎ ጻፈ፦ ቫልቭ የደፈናችሁ ሁሉ ማሞቂያውን አሁኑኑ አጥፉ። ጽሑፎቼ ሲዛወሩ ጥንቃቄያቸው ተቆርጧል። አንድ አንባቢ ከስምንት ወር በፊት ጠይቆኝ ሳላነብ በርታ ብዬዋለሁ። ከሥሩ እውነተኛ ስሙን ከነአባቱ ስም አስፍሮ፣ የሥራ ቦታውን አክሎ ለቀቀው። መዝገቡንም ከፈተ። «ምክንያት» ከሚለው አምድ ሥር ስሙን ጻፈ። አለቃው ማታውኑ ያየዋል። ይየው።

ከዚያ ሚስቱ ጋ ደወለ። የሆነውን ሁሉ ነገራት። አንዱ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

«እኔ የየትኛውን ቤት በር እንደማንኳኳ አውቃለሁ» አላት። «አስተያየቶቹን ግን... ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ሁሉንም መልሼላቸዋለሁ። አንዱንም አላውቀውም።»

«አንተ በሩን አንኳኳ፣ እኔ አነብልሃለሁ» አለች። «ቆይ፣ ይቺን ጡት ላስይዝ።»

መምህርቷ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ከፊቱ ቀደሙ፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረዱ። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ተከተላቸው። የአራሷን በር አንኳኩ። ከውስጥ «መጣሁ! ሕፃኑን እያጠብኩ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አጥፊው!» ሲሉ ጮኹ መምህርቷ፣ በዚያ ዕድሜያቸው በሩን በሁለት እጃቸው እየደበደቡ። «ልጁን ይዘሽ ውጪ!»

«ይቺኛዋ ምስጋና ናት» አለች ሚስቱ በስልኩ። «‹አባ መፍቻ ኑርልን› ነው የምትለው። ልለፋት?»

በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ፣ ፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች።

«አትለፊያት» አለ ተቆጣጣሪው ወደ ቆጣሪው እየሮጠ። «እስከ መጨረሻው አንብቢያት።»